የሚያልፉበት ከተማና የሚያድሩበት ከተማ

(በሬዲዮ ከተደረገው ሳምንታዊ ንግግር የተወሰደ)



የዛሬው ንግግራችን ከተማን ስለ መጎብኘት ነው። ጉብኝት የሚለው ቃል በተነሣ ጊዜ የብዙዎቻችን ሐሳብ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል። የሩቅ አገር ከተማ ስሙ ሲጠራ ልባችን ይሸፍታል፤ በራሳችን አውራ ጎዳና ላይ ያለውን ከተማ ግን ምሳ በልተንበት እንሄዳለን እንጂ «ይህ ከተማ ምን አለው?» ብለን አንጠይቅም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዘው መንገደኛ በደብረ ማርቆስ ላይ ሲያደርግ የኖረው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ሁለት ከተሞችን ጎን ለጎን አስቀምጠን እንመለከታለን። አንደኛይቱ በካሪብያን ደሴቶች መካከል ያለችው የኩባ ዋና ከተማ ሐቫና ናት፤ ሁለተኛይቱ የጎጃም መናገሻ የነበረችው ደብረ ማርቆስ ናት። ማነጻጸራችን የሁለቱን ሀብት ለመመዘን አይደለም። አንድ ከተማ መንገደኛ የሚያልፍበት ብቻ መሆኑ ቀርቶ እንግዳ የሚያድርበት ከተማ የሚሆነው በምን ምክንያት እንደ ሆነ ለመረዳት ነው።

ሐቫና ለኢትዮጵያውያን ጆሮ እንግዳ ስም አይደለችም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች፥ ከእነርሱም ብዙዎቹ አባቶቻቸውን በጦርነት ያጡ፥ ወደ ኩባ ተልከው የወጣቶች ደሴት በተባለው ስፍራ ተምረዋል። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ የቆመው የትግላችን ሐውልትም በሶማሊያ ጦርነት ከወገኖቻችን ጋር ተሰልፈው የወደቁትን ኩባውያን ያስታውሳል። እንግዲህ ሐቫናን ስናነሣ የምናነሣው ፈጽሞ ባዕድ የሆነች ከተማ አይደለም።

ወደ ሐቫና የሚሄድ ጎብኚ አስቀድሞ የሚያየው ባሕሩንና ባሕሩን ተከትሎ የተሠራውን ግንብ ነው። ይህ ማሌኮን የተባለው የባሕር ዳር ጎዳና በፈረንጆች አቆጣጠር በ1901 መሠራት የተጀመረ ሲሆን፥ ርዝመቱ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የከተማው ሰው ሁሉ ወደዚያ ይወርዳል። ሽማግሌው ዓሣ ለማጥመድ፥ ወጣቱ ጊታሩን ለመምታት፥ እናት ልጆቿን ለማናፈስ በግንቡ ላይ ይቀመጣሉ። ማዕበሉ ሲበረታ ውሃው ግንቡን ዘልሎ ጎዳናውን ያጥበዋል። በወደቡ አፍ ላይ ሞሮ የተባለው ምሽግ ቆሞ ይታያል። ከምሽጉ አጠገብ ካለው ከካባኛ አምባ ላይም በየምሽቱ በ3 ሰዓት መድፍ ይተኮሳል። መድፉ በቅኝ ግዛት ዘመን የከተማው ቅጥር በሮች የሚዘጉበት ምልክት ነበር፤ ዛሬ ቅጥሩ አብዛኛው ፈርሷል፥ የሚዘጋም በር የለም፤ ሆኖም መድፉ እስካሁን አልተወም። የከተማው ሰው ሰዓቱን ያስተካክልበታል፥ እንግዳውም ሊያይ ይሰበሰባል።

ከዚያም በእግር ወደ አሮጌው ሰፈር ሲገቡ መንገዱ ጠባብ፥ ቤቱ ባለ ሰገነት፥ አደባባዩ በድንጋይ የተነጠፈ ሆኖ ይገኛል። ከየቤቱ የከበሮና የጊታር ድምፅ ይሰማል። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የፈረንጆች ዘመን የተሠሩ የአሜሪካ አውቶሞቢሎች ታድሰውና ተቀብተው በጎዳናው ላይ ይሄዳሉ። ሩምባ የተባለው ዘፈንና ጭፈራ ከድኾች ሰፈርና ከወደብ ሠራተኞች መካከል የወጣ ሲሆን፥ ዛሬ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ነገር ግን አድማጮች ሆይ፥ ለእኛ ቁም ነገሩ ጭፈራው አይደለም። ቁም ነገሩ ይህ አሮጌ ሰፈር እንዴት እንደ ዳነ ነው። ሐቫና ዛሬ ባለችበት ቦታ የተቆረቆረችው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1519 ነው። አሮጌው ሰፈር ከምሽጎቹ ጋር በ1982 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ መዝገብ ብቻውን ጣሪያ አይጠግንም። የሶቭየት ኅብረት መንግሥት በ1991 በፈረሰ ጊዜ ኩባ ረዳቷን አጣች፤ ዳቦና መብራት በጠፋበት በዚያ ዘመን ለአሮጌ ቤት ማደሻ የሚሆን ገንዘብ ከወዴት ይመጣል? በዚያን ጊዜ የከተማይቱን የታሪክ ጸሐፊ ጽሕፈት ቤት ይመራ የነበረው ኤውሴቢዮ ሌያል የተባለው ሰው አንድ መላ አገኘ። በ1993 በወጣው ሕግ መሠረት ጽሕፈት ቤቱ በአሮጌው ሰፈር ሆቴልና ምግብ ቤት ከፍቶ እንዲሠራ፥ ከእንግዳ የሚገኘውንም ገቢ ለዚያው ሰፈር ማደሻ እንዲያውል ተፈቀደለት። እንግዳው ለአዳሩ የከፈለው ገንዘብ ተመልሶ ያደረበትን ሰፈር ጠገነ። ከታደሱት ቤቶችም ውስጥ ሁሉም ሆቴል አልሆኑም፤ አንዳንዱ ትምህርት ቤት፥ አንዳንዱ የሕሙማንና የአረጋውያን መርጃ ሆነ። አሮጌው አደባባይ በ1952 መካከሉ ተቆፍሮ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶበት ነበር፤ ኋላ ያ ማቆሚያ ፈርሶ አደባባዩ እንደ ቀድሞው የሰው መሰብሰቢያ ሆነ።

እውነቱን ለመናገር ሐቫና ጉድለት የሌለባት ከተማ አይደለችም። ከታደሰው ሰፈር ጥቂት ርምጃ ሲወጡ ሰገነታቸው የዘመመ፥ ዝናም በመጣ ቁጥር ነዋሪውን የሚያሰጉ ቤቶች ይታያሉ። በቅርብ ዓመታትም የመብራትና የነዳጅ እጦት ሕዝቡን እጅግ አስቸግሯል፥ የጎብኚውም ቁጥር ቀንሷል። ሆኖም ከዚህ ሁሉ በኋላ አንዱ ትምህርት ጸንቶ ይቀራል፤ ይኸውም ቅርስ የሚድነው እንግዳ ባየው ጊዜ ሳይሆን፥ እንግዳው የተወው ገንዘብ ወደ ቅርሱ በተመለሰ ጊዜ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ይህን ትምህርት ይዘን ወደ አገራችን እንመለስ።

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐቫና መግቢያዋ ባሕር እንደ ሆነ ሁሉ የጎጃም መግቢያ ዓባይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ በረሃው የሚወርደው፥ ወንዙንም ተሻግሮ እስከ ደጀን የሚወጣው ጥምዝምዝ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በደጋው ጋቢ ደርቦ የተነሣው መንገደኛ ከወንዙ ዳር ሲደርስ ላቡ ይወርዳል፤ ደጀን ሲወጣ ደግሞ እንደገና ጋቢውን ይፈልጋል። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ የተመረቀው ድልድይ በገመድ ተወጥሮ ይታያል፤ የቀድሞውም ድልድይ በአጠገቡ ነው። ስንቱ ንጉሥ ከነሠራዊቱ፥ ስንቱ ነጋዴ ከነአጋሰሱ፥ ስንቱ ተማሪ ከነአኩፋዳው ክረምት እስኪወጣ ማዶ ለማዶ ቆሞ የጠበቀበትን ወንዝ እኛ በጥቂት ደቂቃ እንሻገረዋለን። ይህን ሳያስቡ መሻገር ግን ዓባይን አለማየት ነው።

ደጀንን ካለፉ በኋላ ምድሩ ይዘረጋል። የጤፍ ማሳው፥ የኑጉ ቢጫ አበባ፥ በየጉብታው ላይ በዛፍ ተከቦ የቆመው ቤተ ክርስቲያን ዐይንን ያሳርፋል። በስተ ሰሜን ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጮቄ ተራራ ይታያል፤ ከእርሱ የሚመነጩት ወንዞች ብዙዎች ስለ ሆኑ የአገሩ የውሃ ማማ ይባላል። እስከ ላይ የወጣ ሰው ጅብራውን በጉም መካከል ቆሞ ያገኘዋል። ደብረ ማርቆስ የምትገኘው በዚህ ተራራ ግርጌ ባለው ደጋ ላይ ነው።

የደብረ ማርቆስ የቀድሞ ስሟ መንቆረር ነበር። በ1840ዎቹ ዓ.ም. በደጃዝማች ተድላ ጓሉ ጊዜ እንደ ተቆረቆረች ይነገራል። ራስ አዳል ተሰማ በጥር 1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ እጅ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ በሆኑ ጊዜ ከተማይቱ መናገሻ ሆነች፤ የቅዱስ ማርቆስም ቤተ ክርስቲያን ከታነጸ በኋላ በእርሱ ስም ተጠራች። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ከዘመቱት ታላላቆች አንዱ ናቸው። ጎብኚ ሆይ፥ ወደ ከተማው በገባህ ጊዜ አስቀድመህ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለም፤ የግድግዳውን ሥዕል ተመልከት። በዓሉ ሚያዝያ 30 ቀን ነው፤ በዚያን ቀን ከደረስህማ ታቦቱን ተከትሎ የሚወጣውን ሕዝብ፥ የካህናቱን ወረብ፥ የገበሬውን ሆታ አይተህ ከተማው በራሱ ዜማ ሲደምቅ ታገኘዋለህ። ከዚያም ንጉሡ ይቀመጡበት የነበረውን፥ ዘመን የተጫነውን ቤተ መንግሥት ጠይቀህ እይ። እዚያ ስትቆም ሐቫናን አስብ። ይህን ቤት የሚጠግን ገንዘብ ከወዴት ይመጣል? ከአንተ ከእንግዳው ካልመጣና የመጣውም በሥርዓት ካልተያዘ ከወዴት ይመጣል?

ከተማይቱ ያየችው ታሪክ በዚህ አያበቃም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ፥ የጎጃም አርበኞች ጠላትን አዳክመውት ስለ ነበር፥ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ደብረ ማርቆስ የገቡት ገና አዲስ አበባ ሳይገቡ ነው። ከዚያ በፊትም፥ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሹ ከራስ ተፈሪ ጋር ኢየሩሳሌምን፥ ፓሪስን፥ ሎንዶንን፥ ሮማን ዞረው ካዩት መኳንንት አንዱ ነበሩ። ስለዚህ የጎጃም ሰው የሰው አገር ማየትን ከሌላው የተማረው አይደለም።

እንዲያውም የአገራችንን የጥንት ጎብኚ ለማወቅ ብንፈልግ የምናገኘው በጎጃም የቅኔ ቤቶች ነው። ዋሸራ፥ ጎንጅ፥ ዲማ፥ ደብረ ኤልያስ የሚባሉት ስሞች ለሊቃውንት ከትልቅ ከተማ ስም ይልቅ የሚከብዱ ናቸው። ከጎንደር፥ ከትግራይ፥ ከሸዋ፥ ከወሎ የተነሣ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ውሻ እየተከላከለ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፥ ወራት ተጉዞ ወደ እነዚህ ስፍራዎች ይመጣ ነበር። ያ ተማሪ ለማየት አይመጣም፥ ለመስማት ነው የሚመጣው፤ አንድ ቀን አይውልም፥ ዓመታት ይቀመጣል። አገሩም ቁራሽ እየሰጠ ያስተምረዋል። ከመምህሩ የሰማው ቅኔ ደግሞ ለነገ የማይደገም ነው፤ ቅኔ በየዕለቱ አዲስ ሆኖ ይዘረፋልና። ሐቫና በመድፏና በሩምባዋ እንግዳ እንደምታቆም ሁሉ፥ ይህ ምድር እንግዳን ያቆም የነበረው በቃል ነው። ይህ ቅርስ ግንብ ስላይደለ ሲፈርስ ድምፅ አይሰማም፤ አንድ የቅኔ መምህር ደቀ መዝሙር ሳያፈራ ሲያልፍ ግን ከአንድ ቤተ መንግሥት መፍረስ የሚያንስ ጉዳት አይደለም።

ከዚህ ከቅኔ ምድር የወጡትን ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን የማያውቅ አንባቢ የለም። የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አውራጃ እንዶዳም በተባለው ስፍራ ነው፤ ቅኔንም የተማሩት በእነዚሁ ገዳማትና አድባራት ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ፍቅር እስከ መቃብር የተባለው መጽሐፋቸው ታሪኩ ከማንኩሳ ተነሥቶ በዲማ የሚውል ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያዳመጠ ሰው እነዚህን ስሞች በጆሮው ያውቃቸዋል። መጽሐፉን ያነበበ መንገደኛ ደብረ ማርቆስ አድሮ፥ በማግስቱ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ቢወጣ፥ ወይም ንግሥት እሌኒ ያሠሩትን የመርጡለ ማርያምን የጥንት ሕንጻ ቢያይ፥ የተነበበውንና የተሰማውን በዐይኑ አረጋገጠ ማለት ነው። ፈረስ የሚወድም ሰው ጥር 23 ቀን ወደ እንጅባራ ይሂድ፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በዚያን ዕለት ያከብራል፥ በሺህ የሚቆጠር ፈረስ በወርቀ ዘቦና በዛብ አጊጦ ይወጣል።

ይህን ሁሉ ስናነሣ «ታዲያ ለምን አይታደርበትም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ምክንያቱ ሁለት ነው።

አንደኛው በእንግዳውና በባለ አገሩ ያለው ነው። እንግዳው ቸኳይ ነው፤ ፎቶግራፍ አንሥቶ መሄድን ጉብኝት ያደርገዋል። ባለ አገሩ ደግሞ ያለውን አያሳይም፤ በደጁ ያለው ታሪክ ለእርሱ የዕለት ተዕለት ነገር ስለ ሆነ እንግዳ የሚፈልገው አይመስለውም። እንዲህ ከሆነ እንግዳው የቆሎ ተማሪውን ጠባይ ይያዝ፤ ይቀመጥ፥ ይጠይቅ፥ ሽማግሌውን ያዳምጥ፥ መምህሩን ሳያስፈቅድ ሥዕል አያንሣ፥ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማውን ያውልቅ። ለመሪው፥ ለምግቡና ለአዳሩ ተገቢውን ይክፈል። ባለ አገሩም «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ያሳደረውን ልማድ ዋጋ ለመቆለል ምክንያት አያድርገው፤ ነገር ግን ከእንግዳ የሚገኘውን ገቢ ቅርሱን ለሚጠብቁት ለካህናቱ፥ ለቅኔ ተማሪውና ለአሮጌው ቤት እንዲደርስ ሥርዓት ያብጅለት። በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም የአገሩን ታሪክ የሚያጠኑና ለእንግዳ የሚተርኩ ወጣቶችን ለማፍራት ከሁሉ የቀረበ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ከዚህ የከበደ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በመንግሥት ጦርና በታጠቁ ኃይሎች መካከል የተነሣው ውጊያ ጎጃምን አልማረውም። መንገድ በየጊዜው ይዘጋል፥ ተማሪ ከትምህርቱ ይለያል፥ ገበሬ እህሉን ገበያ ለማውጣት ይቸገራል። ይህን ሳያነሡ «ጎጃምን ጎብኙ» ማለት አድማጭን ማታለል ይሆናል። ጉዞ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የመንገዱን ደኅንነት ከሚያውቁት ይጠይቅ፤ ጊዜው ካልፈቀደም ይቆይ። ቤተ መንግሥት ዘመን ቢጫነው ይጠገናል፤ ድልድይ ቢሰበር ይሠራል፤ እንግዳ ፈርቶ የተወውን መንገድ ግን መልሶ ለማስለመድ ብዙ ዓመት ይፈጃል። በኛ ዘመን የጠፋው ነገር ሆቴል ሳይሆን፥ መሽቶበት የማያውቀውን ደጅ የሚያንኳኳ መንገደኛና «ማነህ?» ከማለት በፊት «ግባ» የሚል ባለ ቤት እንዳይሆን ያሰጋል። የቅኔው ተማሪ ያለ ጋሻ ያለ ጦር፥ አኩፋዳ ብቻ ይዞ አገር ለአገር መዞር የቻለው ሁለቱም ስለ ነበሩ ነው።

እንግዲህ አድማጮች ሆይ፥ የንግግራችን ፍሬ ይህ ነው። ሐቫናን ለማየት የቻለ ይሂድ፤ የሐቫናን ጥበብም ይዞልን ይምጣ። ወደ ጎጃም የሚወስደው መንገድ ሰላም በሆነ ጊዜ ግን ደብረ ማርቆስን ምሳ ብቻ በልታችሁ አትለፏት። አንድ ሌሊት እደሩባት፤ የንጉሡን ቤት እዩ፥ የመምህሩን ቃል ስሙ፥ ለአዳራችሁ የከፈላችሁትም ወዴት እንደሚውል ጠይቁ። እንግዳው መጠየቅ ሲጀምር ባለ አገሩ መጠበቅ ይጀምራልና።